ቃሬዛው ያረፈበት ደጅ

ቡርቃ ታፋ፣ ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተረፋ ልጅ ለሆሳዕና፤

አካም ጅርታ ልጄ? ጌታ ያለሽበትን ቤት ይጠብቅልሽ፤ ብርዱም ይዘንልሽ፤ የጀርመን ብርድ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኛ ደኅና ነን። ከጉልበቴ በቀር የከዳኝ ነገር የለም። ቀለሟ ከጓዳ ሆና ሰላም በልልኝ እያለች ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ በምክንያት ነው። በስልክ "እሺ አዴራ፣ እሺ አጎቴ" ትይኛለሽ፤ መስመሩ ይቆረጣል፤ እሺሽም አብሮ ይቆረጣል። ወረቀት አይቆረጥም። የሚጽፍልኝ ባለሱቁ ወልደገብርኤል ነው። ስኳር ሲመዝን ልኩን ነው፤ ቃሌንም ሳያጎድል፣ ሳያለሰልስ እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ። ሲጨርስ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

ነገሩ ስለ አምቡላንሱ ነው። ማኅበራችሁ አምቡላንሱን ገዝቶ ሲልክ፣ የአባትሽንም ስም በበሩ ላይ ሲያጽፍ፣ ደረቴን ነፍቼ ገበያ ወጥቻለሁ። ፊደል አልለይም። በሩ ላይ ብዙ ጽሑፍ ስላለ የትኛው ተረፋ እንደሆነ አላውቅም፤ ስለዚህ ባለፍኩ ቁጥር በሩን በሙሉ ነው የምዳብሰው።

አንቺ አዲስ አበባ ስላደግሽ አታውቂውም፤ ከመኪናው በፊት እዚህ ቃሬዛ ነበር። የታመመ፣ ምጥ የጠናባት፣ በትከሻችን እስከ ጉቴ አስፋልት ዳገቱን እናወጣ ነበር። የቃሬዛው ማኅበር ዳኛ እኔ ነበርኩ። በትሬን ይዤ ከፊት እሄዳለሁ፤ "ትከሻ!" ብዬ እጣራለሁ። ሕጉ አንድ ነው። ቃሬዛ ደጁ ላይ ያረፈበት ሰው፣ ደም የተቃባ ጠላት እንኳን ቢሆን፣ ተነስቶ ትከሻውን ይሰጣል፤ እስከሚቀጥለው ደጅ ይሸከማል። ያልሰጠ ሰው ቤቱ ለቅሶ አይደረስም። መኪናው ሲመጣ ቃሬዛውን በረት ላይ ሰቀልነው።

አሁን መኪናውን የሚነዳው ጂሩ ነው። የልጅ ልጄን ሊሊሴን ያገባው። ጎበዝ ሹፌር ነው። ዓመት ሙሉ ነዳ፤ ደመወዝ የለውም። ሹሞቹ "በጎ ፈቃደኛ ነህ" ይሉታል። ሲጠይቅ "ይቀጠርልሃል" ይሉታል። ቀን ተጠርቶ፣ ሌሊት ተጠርቶ፣ ቤቱ ሲገባ የሚበላው የሚስቱን እናት እህል ነው። ለወንድ ልጅ ይህ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?

ደቦ ነው ይላሉ። ደቦን እኔ አውቃለሁ! ደቦ የጠራ ሰው ያበላል፤ ነገ ሲጠሩት ደግሞ ሞፈሩን ተሸክሞ ይሄዳል። እነዚህ ሁልጊዜ ጠሪ ናቸው፤ ተጠሪ ሆነው አያውቁም።

ከአንቺ የምፈልገው ገንዘብ አይደለም። የማኅበሩ ሰብሳቢ አንቺ ነሽ። ለከተማችን ሹሞች አንድ ደብዳቤ ጻፊ። "መኪናውን ሰጥተናል፤ ሹፌሩን ቅጠሩ" በይ። ሰጪ ሲናገር ይሰማሉ።

የአባትሽ በረከት ይደርብሽ።
አዴራሽ ጋሩማ


ካሰል አጠገብ፣ ጀርመን፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለማከብርዎት ለአዴራ ጋሩማ፤

የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ፣ ከአክስቴ ከቀለሟና ከመላው ቤተሰብ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባቴ የሚናገር እስኪመስለኝ ድረስ ነው።

አዴራ፣ የጂሩን ድካም ተረድቻለሁ። ነገር ግን በበጎ ፈቃድ መሥራት እንደ ውርደት እንዳይታይ እፈልጋለሁ። እኔ ባለሁበት ትንሽ ከተማ የእሳት አደጋ መኪናውን የሚነዳው ዳቦ ጋጋሪው ነው። ፉጨቱ ሲጮህ ዳቦውን ትቶ ይሮጣል። አስተማሪው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሁሉም እንደዚያው። ማንም ደመወዝ አይጠይቅም። ይህን መንፈስ ለአገራችንም ስለምንመኝ ነው ማኅበራችን በጎ ፈቃደኝነትን የሚደግፈው። ሹፌር ይቀጠር ብለን ብንጽፍ "ጣልቃ ገቡ" እንባላለን፤ አባላቱም አይስማሙም።

ይልቅስ ለወጣቶቹ ማበረታቻ እንዲሆን ቢጫ ከነቴራ አሳትመን በሚመጣ ሰው ልከናል። ከኋላው "ለወገኔ" ይላል። ለጂሩም ይድረሰው።

በአክብሮት፣
ልጅዎ ሆሳዕና


ቡርቃ ታፋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሆሳዕና፤

ሰላምሽ ይብዛ፤ ክፉ አይንካሽ።

ከነቴራው ደርሷል። ደመወዝ ለጠየቀ ሰው ከነቴራ! ለተራበ ሰው ቀበቶ እንደመላክ ነው። ወልደገብርኤል "ይህንን ላለስልሰው" አለኝ። ተወው፣ እንዳለ ጻፍ ብዬዋለሁ።

ጂሩ ከነቴራውን ተቀበለ፣ አጠፈ፣ የመኪናውን ቁልፍ ከላዩ አድርጎ ለአስተባባሪው ለደጉ መለሰ። አስተባባሪው ማለት የበጎ ፈቃድ አለቃ ነው፤ እሱ ራሱ ደመወዝተኛ ነው። ይህን ልብ በይ። በነጻ የሚያሠራው በደመወዝ ነው። ጂሩ አሁን አኖ ከተማ ነው፤ የሰው በቆሎ በአይሱዙ ይጭናል። አልወቅሰውም። ሊሊሴ ነፍሰ ጡር ናት። ባዶ እጁን አባት ልሁን አይል።

ስለ ሊሊሴ የምነግርሽን ጆሮ ሰጥተሽ ስሚ። ጉቴ ያለችው አዋላጅ አይታት "ዳሌሽ ጠባብ ነው፤ ምጥ ሲጀምርሽ እዚህም አትጠብቂ፣ ቀጥታ ነቀምቴ" ብላታለች። የምትወልደው በሐምሌ ነው። ሐምሌ ውስጥ የእኛ መንገድ ጭቃ ነው፤ ባጃጅ ይሰምጣል። ያንን መንገድ የሚወጣው የአባትሽ ስም ያለበት መኪና ብቻ ነው። እሱም ያለ ሹፌር ቆሟል።

የዳቦ ጋጋሪሽንም ነገር አሰብኩበት። ዳቦ ቤት አለው አይደል? ሲሮጥ ዳቦው ቢያርርበት ኪሳራው የማነው? ከቅጥር ሥራው የሚሮጠውስ አሠሪው ምን ይለዋል? መኪናውን ማን ገዛለት? ነዳጁን ማን ይሞላል? ጠይቀሽ ንገሪኝ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ማለቱን እናውቃለን፤ አንቺ ደግሞ ከማናውቀው አገር ቁርበት ታመጪልናለሽ።

ዛሬም የምለምንሽ ያንኑ ነው። ለሹፌር ጻፊ። ለማንም አይደለም፣ ለሊሊሴ ብለሽ ጻፊ።

ጋሩማ


ካሰል አጠገብ፣ ግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎት ለአዴራ፤

ሰላምና ጤና ይብዛልዎት። የሊሊሴን ዜና ስሰማ ደስታዬ ወሰን አጣ። ወንድ ከሆነ ተረፋ በሉልኝ፤ የአባቴ ስም እንደገና ሲጠራ ብሰማ ምነኛ ደስ ባለኝ!

መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ ሹፌሩ አቶ ደጉን በቴሌግራም አነጋግሬዋለሁ። በጣም ትሑት ሰው ነው። "ጂሩ ቢለቅም ዐሥራ ሁለት አዳዲስ በጎ ፈቃደኞች ለአምቡላንሱ ተመዝግበዋል" ብሎ ፎቷቸውን ልኮልኛል። ከነቴራውን ለብሰው በመኪናው ፊት ቆመዋል። እንዴት እንደሚያምሩ! ስለዚህ አይሥጉ።

ለሊሊሴ ልብስና ለአራስ መጠየቂያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ በወልደገብርኤል ስም ልኬያለሁ። የዳቦ ጋጋሪውንም ነገር አንድ ቀን እጠይቀዋለሁ።

ልጅዎ ሆሳዕና


ቡርቃ ታፋ፣ ሰኔ 17 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሆሳዕና፤

ጌታ ዕድሜ ይስጥሽ። አሜን በይ፤ የሚቀጥለው ቃል ያስቀይምሻል።

ዐሥራ ሁለቱን አየኋቸው። የጎረቤት ልጆች ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። መንጃ ፈቃድ ያለው ግን አንድም የለም! ዐሥራ ሁለት ሆነው መኪናውን አጠቡት። በሳምንቱ ደግሞ አጠቡት። ነዳጅ የሌለው መኪና እንዲህ ሲታጠብ አይቼ አላውቅም፤ ለቀብር የሚዘጋጅ ሬሳ ነው የሚመስለው።

ደጉ ቢሮ ሄድኩ። ተነስቶ ወንበር ሳበልኝ፤ አፉ ማር ነው።

"ኦቦ ጋሩማ፣ ምን ልታዘዝ?"

"ሹፌር ቅጠር" አልኩት።

"በጀት የለም።"

"አንተን የቀጠረህ በጀት የት ሄደ?"

ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ ነጭ ነው። "እርስዎ ራስዎ የበጎ ፈቃድ አባት አይደሉ እንዴ? ዕድሜ ልክዎን ሰው ተሸክመው ሳንቲም ጠይቀው ያውቃሉ? ታዲያ ጂሩ ምን ሆኖ ነው?"

ደሜ ፈላ። "ስማ አንተ፣" አልኩት፣ "እኔ ሰው ስሸከም 'መንግሥት ነኝ' አላልኩም። ግብር አልሰበሰብኩም። ማኅተም አልያዝኩም። መንግሥት ሲጠፋ ነው ትከሻ የሰጠነው። አንተ ግብሬንም ትከሻዬንም ልትወስድ ነው?"

"ይህን ንግግርዎን በበዓሉ ላይ ቢያደርጉልን!" አለኝ። በሐምሌ መጀመሪያ የበጎ ፈቃድ በዓል አለ፣ ከሌላ ቦታ እንግዶች ይመጣሉ፣ እኔም አርአያ ተብዬ ምስክር ወረቀት ልሸለም ነው። ተፋሁ። ምንጣፉ ላይ ነው የተፋሁት፤ ጻፈው ወልደገብርኤል።

ገንዘብሽ ወልደገብርኤል መሳቢያ ውስጥ ነው። ለሊሊሴ አልሰጠኋትም፤ ልብስ አላት። ያጣችው ሹፌር ነው። ለሹፌር ይሁን ብለሽ ከላክሽ ዛሬውኑ ጂሩን ከአኖ አስጠራዋለሁ። መልስሽን እስከ ሐምሌ መግቢያ እጠብቃለሁ። ሆዷ ወርዷል።

ጋሩማ


ካሰል አጠገብ፣ ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለምኮራብዎት ለአዴራ ጋሩማ፤

የሰላም አምላክ ሰላሙን ያብዛልዎት። በሰኔ የጻፉትን ያየሁት ከዕረፍት ስመለስ ስለሆነ ዘገየሁ። የገንዘቡን ጉዳይ ለማኅበሩ ስብሰባ አቅርቤ ነበር፤ "አንዴ ደመወዝ ከጀመርን ማቆሚያ የለውም" ተባለና አደረ።

ግን ሌላ ታላቅ ደስታ አለን! አቶ ደጉ የበዓሉን ፎቶዎች ላከልን። አዴራ፣ አንዱን ሳይ አለቀስኩ። እርስዎ በትርዎን ይዘው ከፊት፣ አፍዎ ለጥሪ ተከፍቶ፣ ከኋላዎ ቢጫ የለበሱት ወጣቶች ቃሬዛውን በትከሻቸው ይዘው ሲሮጡ። የድሮውን ባህል ለእንግዶቹ በትርኢት ማሳየታችሁ እንዴት ያለ ሐሳብ ነው! ቃሬዛው ላይ ሰው ተሸፍኖ የተኛ እንኳን አስመስላችኋል። ማኅበሩ ፎቶውን በሙሉ ድምፅ ለ2017 የቀን መቁጠሪያችን ሽፋን መርጦታል። እዚህ ያሉ ጀርመኖችም ገዝተውልናል።

ሊሊሴ ተገላገለች ወይ? ምን ወለደች? ፎቶ ይላኩልኝ።

ልጅዎ ሆሳዕና


ካሰል አጠገብ፣ መስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዴራ ጋሩማ፤

እንኳን አደረስዎ። መልስ ጠብቄ አጣሁ። ስልክም ደወልኩ፤ አክስቴ ቀለሟ አንስታ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው። ወልደገብርኤልን ብጠይቀው "እሳቸው ሲያዙኝ እጽፋለሁ" አለኝ። ቅር አሰኝቼዎታለሁ? በገንዘቡ ከሆነ ከራሴ እጨምራለሁ። ስለ ሊሊሴ አንድ ቃል ብቻ ይንገሩኝ።

ሆሳዕና


ቡርቃ ታፋ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተረፋ ልጅ፤

ምርቃቱን ለመጨረሻው አቆይቼዋለሁ፤ ከተረፈኝ።

ቃሬዛው ላይ የተኛችው ሊሊሴ ናት።

ወልደገብርኤል እጁን አነሳ። ጻፍ አልኩት። ጻፍ።

ምጧ የጀመረው ጎህ ሲቀድ ነው። ዝናቡ አድሮ ገና አላባራም። ጂሩ ጋ ተደወለ፤ ስልኩ አይነሳም፤ እሱ የሰው በቆሎ እየጫነ ነበር። ደጉ ጋ ሰው ላክሁ፤ መኪናው የት አለ ብዬ። መኪናው ሜዳው ላይ ነው አሉኝ። በዋዜማው ዐሥራ ሁለቱ ልጆች በእጃቸው እየገፉ ወስደው ለበዓሉ አቁመውታል። ሹፌር አላገኙም፣ ነዳጅ አላገኙም፤ ገፍተው አሳዩት። አበባ አስረውበታል። የአባትሽ ስም ባለበት በር ላይ አበባ!

ቃሬዛውን ከበረት አወረድኩ። ጠፍሩን ቀለሟ በእንባዋም በቅቤም አለሰለሰችው። የጎረቤት ወንዶች ተሸከሙ። እኔ ከፊት ሆንኩ። ከቤታችን ወደ ጉቴ መንገዱ አንድ ነው፤ በሜዳው ማህል ያልፋል። ዳገቱን ጨርሰን ትከሻ የምንለውጠው ዋርካው ሥር ነው፤ አባቶቻችንም እዚያው ነው የሚለውጡት። የዘንድሮዎቹ ዋርካው ሥር ድንኳን ተክለዋል። ሹሞቹ በወንበር፣ እንግዶቹ በወንበር፣ ውሃ በጠርሙስ።

የተሸከሙት ሰዎች እግራቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቃሬዛው አረፈ። ያረፈው በሹሞቹ ፊት ነው። ሕጉን ነግሬሻለሁ። ደጁ የማን ይሁን የማን፣ ያረፈበት ሰው ይነሳል። በትሬን መሬት መታሁና "ትከሻ!" አልኩ።

አጨበጨቡ።

አጨበጨቡ ልጄ። ትርኢት መሰላቸው። ደጉ መናገሪያውን ይዞ "እነሆ አርአያችን ኦቦ ጋሩማ! የሕዝባችን የበጎ ፈቃድ ባህል!" አለ። ደግመው አጨበጨቡ። አንዱ እንግዳ በስልኩ ለማንሳት ተጠጋ። እኔ "ትከሻ! ልጄ ልትሞት ነው!" አልኩ። "ምን አይነት ተዋናይ ናቸው!" ሲል አንዱን በጆሮዬ ሰማሁት። የእኛ ሰዎች ትንፋሽ አጥተው አፋቸው አልፈታ ብሏል። ከወንበር የተነሳ የለም። አንድም ሹም። ትልቁ እግሩን ሰብሰብ አደረገ፣ ጭቃው እንዳይነካው።

ከዚያ ሊሊሴ ጮኸች። ያኔ ጭብጨባው ቆመ። እነዚያ ዐሥራ ሁለት ልጆች ሰልፋቸውን ጥለው መጡ። ደጉ "ሰልፉ! ሰልፉ!" ይላል፤ አልሰሙትም። ቃሬዛውን አንስተው ሮጡ። እንዴት እንደሮጡ! በልጆቹ አልቀየምም፤ እናታቸው ትባረክ። ሥዕሉ የተነሳው ያኔ ነው። አፌ የተከፈተው አንቺ እንዳልሽው ለጥሪ ነው፤ መኪናውን አልፈን ስንሮጥ ነው። በሩ በቀኜ በኩል ነበር። እጄን ዘርግቼ አልዳበስኩትም።

ጉቴ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ተሳፋሪውን አውርዶ ጫነን። ነቀምቴ ሐኪሞቹ የቻሉትን አደረጉ፤ ሊሊሴን አተረፉልን። ልጁ ግን ሆዷ ውስጥ ሞቶ ቆይቶ ነበር። ወንድ ነው። ሐኪሟ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" አለች።

ተረፋ ልንለው ነበር። አንቺ እንዳልሽው። ጂሩ ከአኖ ሲደርስ ልጁን ጨርቅ ውስጥ አየውና "ስሙ ማን ነው?" አለ። ስሙ የቆመ መኪና በር ላይ ነው።

ደጉ ከሳምንት በኋላ ምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ይዞልኝ መጣ። "አልተቀበሉም ነበርና" አለ። ስለ ልጁ ሰምቷል፤ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ ወጣቶቹ በወቅቱ ባይደርሱ ኖሮ እናትየዋም..." አለኝ። እንግዲህ ሊሊሴ የተረፈችው በበጎ ፈቃድ ነው፤ እናመስግን! ቀለሟ ከእጁ ተቀብላ የውሃ እንስራ ከደነችበት። ልኩ ነው፤ ገጥሟል።

አንቺ ያንን ሥዕል ሸጥሽው። አላወቅሽም፤ አውቃለሁ። ግን ሦስት ጊዜ ነግሬሽ ነበር።

ገንዘብ አትላኪ። ያንን ሥዕል ከሰው ግድግዳ አውርጂ። የወንድሜን ስም ከበሩ አስፍቂ። ሌላ የምለምንሽ የለም።

ምርቃት አልተረፈኝም።

ጋሩማ


ካሰል አጠገብ፣ ኅዳር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዴራ፤

ሰላም ለማለት አፌ አልደፈረም።

የቀን መቁጠሪያውን ሰበሰብኩ። በየቤቱ ሄጄ ነው የለመንኩት። አንዲት አሮጊት ጀርመናዊት ወጥ ቤቷ ሰቅላው ነበር፤ "ለምን? እንዴት ደስ ይላል" አለችኝ። ነገርኳት። ራሷ አወረደችው።

ዳቦ ጋጋሪውንም ጠየቅኩት። ዘግይቼ ጠየቅኩት። መኪናውም፣ ነዳጁም፣ ልብሱም፣ ሥልጠናውም የከተማው ነው። ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ሲሮጥ ደመወዙ አይቆረጥበትም፤ ለአሠሪው ከተማው ይተካለታል። ለአምቡላንሱ ደግሞ ደመወዝተኛ ሹፌር አለ። ይህን ስምንት ዓመት እዚህ ኖሬ አላወቅኩም ነበር። ያየሁት ሩጫውን ብቻ ነው።

ማኅበሩን ለቅቄያለሁ። ስለ አባቴ ስም ለአቶ ደጉ ጻፍኩለት። "ስሙ ለክብር የተጻፈ ነው፤ መኪናውም አሁን የመንግሥት ንብረት ስለሆነ መፋቅ አይቻልም" አለኝ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩ፤ ሁለተኛውን አልመለሰም።

በጥር እመጣለሁ። የሊሊሴን ፊት እንዴት እንደማይ አላውቅም። ምን ይዤ ልምጣ?

ሆሳዕና


ቡርቃ ታፋ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሆሳዕና፤

ነይ። ምንም አትያዢ። ሻንጣሽን አስፋልቱ ላይ አትከምሪብን፤ የሚሸከምልሽ በጎ ፈቃደኛ የለም።

ሊሊሴ ወደ ጂሩ ሄዳ አኖ ናት፤ ለጥር ትመጣለች። ስለ አንቺ ነገርኳት። "ትምጣ" አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። ያንን ትከሻ ነው ብለሽ ቁጠሪው።

ቃሬዛውን መልሰን በረት ላይ አልሰቀልነውም፤ በራፍ ላይ ነው ያቆምነው። ካንቺ ደብዳቤ በኋላ አንዴ ወጥቷል፤ የታመመ ሽማግሌ ነበር። አሁን የቃሬዛው ማኅበር ቆርጧል። ቃሬዛ በወጣ ቁጥር የመጀመሪያው ማረፊያ የደጉ ቢሮ ደጅ ነው። ሽማግሌውንም እዚያ አሳረፍነው። "ትከሻ!" አልኩ። በሩን ዘጋው። ከመጋረጃው ኋላ ጫማው ይታየኛል። አንስተን ሄድን። ሰውም አየ። የደጉ አማት ስትሞት ለቅሶ ማን እንደሚደርስ ያኔ እናያለን፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም።

የስሙን ነገር በተመለከተ፦ ንብረት ነው አለሽ? መኪናው የነሱ ይሁን፤ ይጠቡት። ስሙ የእኛ ነው። ባለፈው ቢላዋ ይዤ ሄጄ ነበር። በሩ ፊት ቆምኩ። ጽሑፉ ብዙ ነው፤ የወንድሜ ስም የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አላወቅኩም። የማኅበርሽን ስም ፍቄ ወንድሜን እዚያ እንዳልተወው ፈራሁ። ወልደገብርኤልን ልውሰደው ብል፣ ሱቁን ያሽጉበታል፤ ልጆች አሉት። ይህንንም ሳይወድ ጽፎታል።

ስለዚህ አንቺ ትፍቂዋለሽ። በጠራራ ፀሐይ፣ ገበያ ሲቆም፣ ሰው እያየ። አንቺ ጣትሽን ታሳዪኛለሽ፣ "ከዚህ እስከዚህ" ትይኛለሽ፤ ቢላዋውን እኔ እሰጥሻለሁ። ስም ከቆመ መኪና ከወረደ በኋላ ለልጅ ይሆናል። ሊሊሴ ገና ወጣት ናት።

ቢላዋውን ስዬዋለሁ። ጌታ በሰላም ያምጣሽ።

አዴራሽ ጋሩማ